የኤመሪቪል ውቅያኖስ

አባቴ ከሐዋሳ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የዓይን ጠብታ ነበረ። ጥያቄያቸውን ግን ሻንጣ ውስጥ አልከተቱትም። ገና ኦክላንድ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪናውን ቀበቶ እያሰርኩላቸው ሳለ አወጡት።

«ለመሆኑ ውቅያኖሱ ከቤትሽ ምን ያህል ይርቃል?»

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ በዘንግ እየነኩ አትላንቲክን፣ ህንድ ውቅያኖስንና ፓሲፊክን ሲያስተምሩ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። የትምህርት ቤቱ መምህራን ምጽዋን ሊጎበኙ በሄዱ ጊዜ እሳቸው ወባ ይዟቸው ተኙ። ወደ እኔ ሲመጡም አትላንቲክን የተሻገሩት መተላለፊያው በኩል ተቀምጠው፣ የመስኮቱ መሸፈኛ ተዘግቶ ነው። «እንደ ሻንጣ ነው ያሻገሩኝ» አሉኝ፣ ከልባቸው ተቀይመው።

እኔም ሰባተኛ ክፍል ተማሪያቸው ነበርኩ። የመማሪያ መጽሐፉ ለውቅያኖስ የሰጠው ትርጉም ረጅም ስለነበር እሳቸው አሳጥረው በኅብረት ያስጮሁን ነበር፦ «ውቅያኖስ ማለት ማዶ የሌለው ውኃ ነው!» ሐይቅ ዳር ላደግን ልጆች ማዶ የሌለው ውኃ የሚባል ነገር ውሸት ይመስለን ነበር። በዚያ ዓመት በጂኦግራፊ ያመጣሁትን ውጤት እዚህ አልጽፈውም። ልጃቸው ነኝ ብለው አላደሉልኝም ማለት ይበቃል።

የዓይን ጠብታው የግላኮማ ነው። በሽታው ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ ነውና አባቴ የሚያዩት በበር ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው ሆኗል፤ ፊት ለፊት ያለው ይታያቸዋል፣ ግራና ቀኙ የለም። ሰፋ ያለ ነገር ማየት ሲፈልጉ ጭንቅላታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው ያዞራሉ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ መስመር እንደሚያነብ ሰው። ቀዳዳው መቼ እንደሚዘጋ ሐኪሙም አያውቅም። የመመለሻ ቲኬታቸው ተቆርጧል፣ ሁለተኛ ደግሞ እንደማይመጡ ሁለታችንም እናውቃለን። «ዓይኔ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ሌላ ልጅ ብትሆን በማግስቱ ትወስዳቸው ነበር። የእኔ ችግር ድልድይ ነው። ውቅያኖሱ ከሳን ፍራንሲስኮ ወዲያ ነው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከድልድዩ ወዲያ ናት፣ እኔ ደግሞ ድልድይ ላይ መንዳት እፈራለሁ። ኦክላንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር መሪ ይዤ ቤይ ብሪጅን አንድም ቀን አልተሻገርኩም። ሳን ፍራንሲስኮ ጉዳይ ሲኖረኝ በባቡር፣ በውኃው ሥር እሄዳለሁ። ከውኃ በላይ የምትፈራ ሴት ከውኃ በታች እንዴት አትፈራም ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልገባኝም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው «ድልድዩን ተሻገሪና ነይ» ሲለኝ «ሺፍት አለብኝ» እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነት ነው። በሥራ ቀን ኦክላንድ የኩላሊት እጥበት ላይ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ፕሌዘንተን አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ።

እናም አባቴ በመጡ በሳምንቱ፣ ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ መኪና ውስጥ አስገብቼ ኤመሪቪል ወሰድኳቸው። ከድልድዩ ወዲህ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ትልልቆቹን መደብሮች አልፎ፣ ወደ ውኃው ሾልኮ የገባ ቀጭን መሬት አለ፤ ማሪና የሚሉት፣ ጀልባዎች የሚታሰሩበት፣ አግዳሚ ወንበርና የእግር መንገድ ያለው። ፓርኪንግ ነፃ ነው። መኪናውን አቁሜ በሩን ከፈትኩላቸው።

«ይኸው አባዬ፣ ውቅያኖስ!»

ለዛሬ በዚህ ላባብላቸውና የእውነተኛውን ነገር ሌላ ቀን አስብበታለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ከመኪናው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። ባርኔጣውን ላወለቀ ሰው «አይ፣ ይኼ እንኳ ባሕረ ሰላጤ ነው» እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ጭንቅላታቸውን ከግራ ጀምረው ማዞር ያዙ። በስተግራ የኦክላንድ ወደብ ነጫጭ ክሬኖች አሉ። «አባ ኮዳ!» አሉ። ልክ ናቸው፤ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ዳር አንገታቸውን ቀብረው ፍርፋሪ የሚጠብቁትን ረጃጅም ወፎች ይመስላሉ። ቀጥሎ ድልድዩ፣ ቀጥሎ ድልድዩ የሚያልፍባት ትንሽ ደሴት፣ ቀጥሎ የሳን ፍራንሲስኮ ፎቆች፣ ከዚያ በስተቀኝ ራቅ ብሎ ቀዩ የጎልደን ጌት ድልድይ። እዚያ ላይ ጭንቅላታቸው ትንሽ ቆመ።

«ያ ከተማ ምንድን ነው?»

«ሳን ፍራንሲስኮ።»

«ከውቅያኖሱ ማዶ?»

«ደሴት ናት» አልኳቸው።

ሳን ፍራንሲስኮ ደሴት ናት ብዬ የነገርኳቸው ሰው ያቺኑ ከተማ በዘንግ እየጠቆሙ ሲያስተምሩ እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴ «እህ» አሉ። እኔም እፎይ አልኩ፤ የልጅነት ውጤቴ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። ማሪናው ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶ ሐዋሳ ላለው ወንድሜ «አባዬ ፓሲፊክ ዳር» ብዬ ላክሁለት፤ እሱም በትልቁ አሳትሞ ሳሎን ሰቀለው። ጎረቤት እየገባ «ጋሼ ደረሱ» ይላል አሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በየሳምንቱ ዓርብ መሄድ ጀመርን። አባቴም ማሪናውን ለመዱት። ከእኔ ይልቅ የመርከቦቹን አመጣጥ ያውቃሉ፤ ዘወትር ያንኑ ቦታ ይዞ ዓሣ ከሚያጠምድ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ጋርም ያለ ቋንቋ ተወዳጁ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳንቀላፋ ሁለቱ በእጃቸው ያወራሉ።

አንድ ዓርብ ስንደርስ ውኃው ሸሽቶ ዳር ዳሩ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ጭቃው ላይ ወፎች ይለቅማሉ።

«ውቅያኖሱ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ይመለሳል» አልኩ፣ ሱቅ ድረስ እንደወረደ ሰው።

ድንጋዮቹን እየዳበሱ ወረዱና ጣታቸውን የተረፈው ውኃ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ከላይ ሆኜ «አባዬ፣ ቆሻሻ ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ። «ጨው አለው» አሉ። ጨውን እኔ የጨመርኩት ይመስል ኮራሁ።

እንዲህ እያልን ሊመለሱ ሦስት ሳምንት ቀራቸው። በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የእኛ ጉባኤ ኦክላንድ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ ከስብከቱ በፊት ምስክርነት ያለው ሰው ይቆማል። ሥራ ያገኘ ይመሰክራል፣ ወረቀቱ ያለቀለት ይመሰክራል። አባቴ ተነሡ። ማይክሮፎኑን ክፍል ውስጥ ዘንጉን እንደሚይዙት ያዙት።

«ወገኖቼ፣ ዓይኔ ሳይዘጋ ውቅያኖስ አያለሁ ብዬ ስጸልይ ነበር፤ ልጄ በመጣሁ በሳምንቱ አሳየችኝ። እኔ ስለ ውቅያኖስ ብዙ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ለካ ብዙ ተሳስቼ ኖሯል። ማዕበሉ መርከብ ይሰብራል ብዬ አስተምር ነበር። የእናንተ አገር ውቅያኖስ ግን ጨዋ ነው፤ ዳክዬ ይንሳፈፍበታል። ማዶ የለውም ብዬ አስተምር ነበር። ማዶው ይታያል፤ ከተማም አለበት። ድልድይ ሠርተውበታል፣ ሰዉ ጠዋት ውቅያኖሱን ተሻግሮ ሥራ ውሎ ለእራት ቤቱ ይመለሳል። ለጌታ ምን ይሳነዋል!»

ከጉባኤው ግማሹ ሕዝብ ያንን ድልድይ በየቀኑ እየተራገመ የሚሻገር ነው። መጋቢያችን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጥቅስ እንደጠፋበት ሰው ያገላብጡ ጀመር። ከኋላ አንዲት ልጅ «ማሚ፣ ባት ዛትስ ዘ ቤይ!»፣ እሱ እኮ ባሕረ ሰላጤው ነው፣ ስትል እናቷ ጭኗን ስትቆነጥጣት ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው «አሜን» አለ። ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ አዳራሹ በሙሉ ኤመሪቪል ውቅያኖስ ስለሆነች እልል አለ። ሽማግሌ ከምናርም ጂኦግራፊን ብንለውጥ የሚቀለን ሰዎች ነን።

ስንወጣ ሰዉ ሁሉ እጄን እየጨበጠ «እንኳን ለማሳየት አበቃሽ» ይለኛል፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። አንዲት የመዘምራን እህት ብቻ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አይዞሽ፣ እኔ እማዬን እዚሁ ኦክላንድ ሐይቁ ዳር፣ ሌክ ሜሪት ወስጄ ፓሲፊክ ነው ብያታለሁ። ዳብል ሺፍት ነበረኝ» አለችኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ፊቴ እየነደደ ነበር።

«አባዬ፣ እሱ ውቅያኖስ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀበቷቸውን እየፈለጉ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ከመኪናው ስወርድ። ሐይቅ ዳር ያረጀ ሰው እኮ ነኝ፤ ማዶ ያለው ውኃ አይቼ አላውቅም መሰለሽ? ቻይናው ወዳጄም ሊያጋልጥሽ ነበር። ወደ ውኃው እየጠቆመ ‘ቤይ፣ ቤይ’ ሲለኝ ‘ዝም በል፣ ትሰማሃለች’ ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁለት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስትመጪ አየሁሽ» አሉ። «ያንን የሥራ ልብስ እንደለበስሽ ነው ይዘሽኝ የሄድሽው። ዓይንሽ ቀልቷል። ልጄ ደክሟት ያመጣችልኝን ውኃ ‘አነሰኝ’ ልበላት?»

«ባርኔጣዎንስ ለምን አወለቁ?»

«ለውኃው መስሎሽ ነው?»

መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ቀበቷቸውን ማግኘት አቅቷቸው ወንበሩን ይዳብሳሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከፊታችን የሚያልፈው ምእመን ደግሞ መንፈስ ቅዱስ የነካኝ መስሎት በአክብሮት አንገቱን ይሰብራል። ያን ጊዜ የድልድዩንም ነገር ነገርኳቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነው።

አልሳቁብኝም። ስልኬን ተቀበሉና ካርታውን አስከፍተውኝ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ስልኩን በዚያች ቀዳዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያንቀሳቅሱ ቆዩ።

«ባሕረ ሰላጤ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ በክፍል ድምፃቸው።

«በሦስት በኩል በመሬት የተከበበ ውኃ።»

«ታዲያ ጫፍ አለው ማለት ነው። ጫፍ ያለው ነገር ደግሞ ይዞራል። ምን ድልድይ አስፈለገሽ?»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ፕሌዘንተን የምገባው ስምንት ሰዓት ላይ ነበርና እስከዚያ እንመለሳለን አልኩ። ቤቴ ከውቅያኖሱ፣ በድልድይ ለሚሄድ ሰው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። እኛ ግን ሽቅብ መሄድ ሲገባን ቁልቁል ወረድን። በፍሪሞንት አድርገን ሳን ሆዜ ድረስ ወርደን፣ የውኃውን ጭራ ዞረን፣ በሌላኛው ዳር እንደገና ወደ ላይ ወጣን። አባቴ በየአሥር ደቂቃው «አሁን ውኃው በየት በኩል ነው?» ይሉኛል። ጠዋት በቀኝ ነበር። ከሳን ሆዜ በኋላም በቀኝ ሆነ። ደስታቸው ወሰን አጣ።

«ዞርነው!» አሉ ጉልበታቸውን እየመቱ። «ሰው ለዙረት ዓመት የፈጀበትን ውቅያኖስ እኛ ከቁርስ በኋላ ዞርነው!»

ተራራውን ተሻግረን ፓሲፊክ ዳር ወዳለችው ሃፍ ሙን ቤይ ስንወርድ ጉም ጠበቀን። ትንሽ ጉም አይደለም፤ የመኪናውን አፍንጫ የሚውጥ ነው። እጃቸውን ይዤ በአሸዋው መራኋቸው። ከፊታችን አንድ ከባድ ነገር ይፈርሳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይፈርሳል። እየቀረብን ስንሄድ ድምፁ በእግሬ ሥር ይሰማኝ ጀመር። አባቴ ቆሙ። ጭንቅላታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ነጭ ብቻ ነው።

«ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ምንም አይታይም፣ አባዬ። ጉም ነው።»

«ጎሽ» አሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ ውኃ ዳር ቆመሽ ስለ ውቅያኖስ የነገርሽኝ የመጀመሪያው እውነት ይኸ ነው።»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የመጣንበትን መንገድ፣ የቀራቸውን ቀንና ያቺን ቀዳዳ አሰብኩ። ስልኬን አወጣሁና ፕሌዘንተን ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ «አባቴን ውቅያኖስ እያሳየሁ ነው» አልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለአሠሪ ያቀረብኩት የመጀመሪያው ያልተቀባባ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጋቢያቸውን አከናንቤ አሸዋው ላይ አስቀመጥኳቸውና ጠበቅን። ያመጣሁትን ዳቦ በላን። ውሻ የያዙ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ እየወጡ ሰላም ይሉንና ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። አባቴ ያንን ድምፅ ይቆጥሩ ነበር፤ ሰባተኛው ማዕበል ከሌሎቹ ይከብዳል ብለው ከእኔ ጋር ተከራከሩ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጉሙ ከእግራችን ሥር እየተገፈፈ ሄደ። መጀመሪያ ነጩ አረፋ ታየ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ ከዚያ እሱ ብቻ። ደግፌ አስነሣኋቸው። ባርኔጣቸውን ነፋሱ እንዳይወስድባቸው በአንድ እጃቸው ጫን አድርገው ይዘዋል።

ከግራ ጀመሩ። ኤመሪቪል ሁልጊዜ ጭንቅላታቸው የሚቆምባቸውን ቦታዎች እኔም አብሬ አውቃቸዋለሁ፤ ክሬኑ ላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ ደሴቲቱ ላይ። እዚህ የሚያቆማቸው አጡ። ጭንቅላታቸው ዞረ፣ ዞረ፣ ትከሻቸው ተከተለ፣ ቀጥሎም እግራቸው በአሸዋው ላይ አብሮ ዞረ። እስከ ቀኙ ጫፍ ደርሰው እንደገና ወደ ግራ ተመለሱ። ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር፤ ነፋሱ ነው አላሉኝም።

«ማዶ የለውም» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ሐዋሳ ሲመለሱ ማሪናው ላይ የተነሡትን ፎቶ ከሳሎን አውርደው ብለው ወንድሜን ያዝዛሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያውም ሃፍ ሙን ቤይ ያነሳኋቸውን ፎቶ አጠገቡ ሰቀሉና ለሚመጣው እንግዳ «ይኼ ፓሲፊክ ነው፣ ያኛው ደግሞ የልጄ ነው» እያሉ ያስረዳሉ።

ዓይናቸው ከዚያ በኋላ ደከመ። አሁን መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያነብላቸው ወንድሜ ነው። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን፤ የሃፍ ሙን ቤይን ነገር አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። የሚጠይቁኝ «ያንቺ ውቅያኖስ እንዴት ዋለ?» ብለው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ «ደኅና ነው» አልኳቸው። «ሙሉ ነው ወይስ ሸሽቷል?» ሲሉኝ የመኝታ ቤቴን መጋረጃ አየሁ፤ በስልኩ ውስጥ «እህ» ሲሉ ሰማሁ። ያቺን «እህ» አውቃታለሁ።

ስለዚህ እሑድ ጠዋት መጀመሪያ ኤመሪቪል እሄዳለሁ። ቻይናዊው ሽማግሌ ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይስቃል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እደውልና ያለውን ብቻ እነግራቸዋለሁ፤ ውኃው የት እንደደረሰ፣ ስንት መርከብ እንደቆመ፣ ጎልደን ጌት በጉም ተሸፍኖ እንደሆነ።

በቀደም ወንድሜ ስልኩን ቀድሞ አንሥቶ አንድ ነገር ነገረኝ። እኔ ሳወራ አባዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ጭንቅላታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረጉ ያዞራሉ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምጀምረው በስተግራ ካሉት ክሬኖች ነው፣ ቀስ ብዬም ነው የምነግራቸው።